ብዙ መጻሕፍት ያሉትን አዲስ ተወዳጅ ደራሲ ማግኛ መንገድ፦ ለባሕር ዳር ልብ ወለድ አንባቢ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

አንባቢ መጽሐፍ አጥቶ ከሚቸገርበት ጊዜ ይልቅ የወደደውን መጽሐፍ ጨርሶ ቀጥሎ ምን እንደሚይዝ ግራ የሚገባው ጊዜ ይበዛል። ያን ጊዜ አብዛኛው ሰው ወደ መጽሐፍ ሻጭ ሄዶ «ጥሩ ልብ ወለድ አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሻጩም ሰሞኑን የገባውንና ቶሎ የሚሸጥለትን ያቀብለዋል፤ መጽሐፉ ሃምሳኛው ገጽ ላይ ታጥፎ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። የተሻለ ዕድል የገጠመውም ቢሆን ደራሲውን ከወደደ በኋላ ሌላ ልብ ወለድ እንደሌለው፣ ወይም ቢኖረውም ከገበያ ከጠፋ ዓመታት እንዳለፉት ዘግይቶ ይረዳል።

ከዚህ በታች የቀረበው አካሄድ መጀመሪያ ደራሲውን መምረጥ፣ የልብ ወለዶቹን ብዛት ማጣራት፣ ባሕር ዳር ሆኖ ማግኘት መቻሉን ማረጋገጥ፣ ከዚያ በኋላ ማንበብ የሚል ነው። ቅደም ተከተሉን አይለውጡ። ሦስተኛውንና አራተኛውን ደረጃ ዘልሎ በቀጥታ ወደ ንባብ መግባት የብዙ ሰው ድካም መና የሚቀርበት ቦታ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት የሚያዘጋጁት

አንድ ደብተርና እርሳስ፣ ካሜራ ያለው ስልክ፣ የታደሰ መታወቂያ፣ ለሁለት መጻሕፍት ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ይያዙ። ገንዘቡን ሆን ብለው ይወስኑት፤ ኪሱ የሞላ ሰው ሳያጣራ ይገዛል። ዝርዝሩን ከስልክ ይልቅ ደብተር ላይ ይጻፉ፤ ሻጩ ፊት ቆመው ኔትወርክ ሲጠፋ የሚከፈተው ደብተር ብቻ ነው።

ደረጃ 1፦ የወደዱትን ነገር በጽሑፍ ያውጡ

ሀ) ጨርሰው «ምነው ባላለቀ» ያሉባቸውን ሦስት ልብ ወለዶች ይጻፉ። ከእነርሱ በታች ጀምረው ያቋረጧቸውን ሁለት ይጨምሩ።

ለ) በእያንዳንዱ አጠገብ የያዘዎትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስፍሩ። «ታሪኩ ደስ ይላል» የሚለው መልስ አይቆጠርም። ምልልሱ ነው? የቦታው አሳሳል ነው? የሴራው ፍጥነት ነው? ባለታሪኩ ለብቻው ሲሆን የሚያስበው ነው? ቀልዱ ነው?

ይህ ደረጃ ቀላል ስለሚመስል ብዙ ሰው ይዘልለዋል፤ የቀረው ሥራ ሁሉ የሚቆመው ግን በዚህ ላይ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እንውሰድ። ሁለት ሰዎች መጽሐፉን እኩል ሊወዱት ይችላሉ፤ አንዱን የያዘው የጉዱ ካሳ ክርክር ሲሆን ሌላውን የያዘው የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር ነው፤ ሦስተኛ ሰው ደግሞ ሁለቱንም ትቶ የጎጃም ገጠር ኑሮ፣ ግብሩና ሙግቱ በዓይኑ ላይ ቀርቶበታል። ሦስቱ ሰዎች ቀጥለው ወደ አንድ ደራሲ ቢላኩ ሁለቱ ተናድደው ይመለሳሉ። ክርክሩን የወደደው ሥርዓትን በግልጽ ወደሚሞግተው ወደ አቤ ጉበኛ ቢሄድ ያተርፋል። የማኅበረሰብን ወግና ልማድ በዝርዝር ማየት የወደደው፣ ሐመሮችን ደጋግሞ የጻፈውን ፍቅረማርቆስ ደስታን ይሞክር። የታሪክ ዘመን ሲነሣና ሲወድቅ ማየት የሚመቸው ብርሃኑ ዘሪሁንን ይያዝ። ፍቅሩን የወደደው ግን ይጠንቀቅ፤ «የፍቅር ልብ ወለድ» የሚል ሽፋን ሁሉ ያንን ዓይነት ፍቅር አይሰጠውም፤ የእርሱ ጥያቄ በደረጃ 6 ላይ በሚደረገው ፈተና እንጂ በርዕስ አይመለስም።

ሐ) ያቋረጧቸውን ሁለቱንም ምክንያቱን ይጻፉ። «ዓረፍተ ነገሩ ረዘመብኝ»፣ «ሰዎቹ በዙብኝ» የሚል ማስታወሻ ኋላ ላይ ብዙ ገንዘብ ያድናል።

ካልሠራ፦ የያዘዎት ነገር ትዝ ካላለዎት መጽሐፉን ከመደርደሪያ አውርደው በደንብ የሚያስታውሱትን ትዕይንት ሁለት ገጽ ብቻ እንደገና ያንብቡ። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ እዚያው ይገኛል።

ደረጃ 2፦ ከስምንት የማይበልጡ እጩዎችን ይሰብስቡ

ስምንት ይበቃል፤ ዝርዝር ሲረዝም ሥራው ማንበብ መሆኑ ይቀርና ዝርዝር ማሳመር ይሆናል። እጩዎችን በሦስት መንገድ ያግኙ።

ሀ) ሰውን ሲጠይቁ የደረጃ 1ን ዓረፍተ ነገር ይዘው ይጠይቁ። መጽሐፍ ሻጩን «ወንድሜ፣ ሰዎቹ ሲነጋገሩ እንደ ሰው የሚነጋገሩበት፣ ከተማ ውስጥ የሚያልፍ ልብ ወለድ፣ አዲስ ባይሆንም ግድ የለኝም» ቢሉት፣ ለሁሉም የሚያቀርበውን ትቶ ማሰብ ይጀምራል። የአማርኛ መምህር ወይም የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የምታውቁ ከሆነ ከሻጩ አስቀድማችሁ እነርሱን ጠይቁ።

ለ) ከደራሲ ወደ ደራሲ የሚወስደውን መንገድ ይከተሉ። ደራስያን ስለ እርስ በርሳቸው ይጽፋሉ፣ መግቢያ ይጽፉላቸዋል፣ በምስጋና ገጽ ይጠቅሷቸዋል። የበዓሉ ግርማን «ደራሲው» ያነበበ ሰው፣ ሲራክ የተባለው ባለታሪክ ከስብሐት ገብረእግዚአብሔር እንደተቀዳ ሲነገር ሰምቶ ይሆናል፤ እንግዲያው ስብሐት ሁለተኛው እጩ ነው። መግቢያና ምስጋና ሳያነብቡ የሚዘልሉ ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ አይዝለሉ።

ሐ) አንድን ጉዳይ በተለያዩ እጆች ያንብቡ። በእኔ ግምት ከሦስቱ መንገዶች ይህ ይበልጣል። አፄ ቴዎድሮስን ለምሳሌ ይውሰዱ፤ አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለእናቱ»፣ ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የቴዎድሮስ ዕንባ»፣ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በእንግሊዝኛ በጻፈው ልብ ወለዱ ጽፈዋቸዋል። ታሪኩን አስቀድመው ስለሚያውቁት «ቀጥሎ ምን ይሆናል?» የሚለው ጉጉት ከመንገድ ይወጣልዎትና የደራሲው አጻጻፍ ብቻውን ይታያል። ከእያንዳንዱ አንድ ምዕራፍ ካነበቡ በኋላ የትኛው ድምፅ እንደሚስማማዎት ሳይጠራጠሩ ያውቃሉ።

እንግሊዝኛ የሚያነቡ ከሆነ ከውጭ ደራስያን ሁለት እጩ ይጨምሩ። በዚህ በኩል የብዛት ችግር የለም፦ አጋታ ክሪስቲ 66 የወንጀል ምርመራ ልብ ወለዶች አሏት፤ ዦርዥ ሲምኖን ኮሚሳር ሜግሬን ብቻ በ75 ልብ ወለዶች ጽፎታል፤ ኤሚል ዞላ የአንድ ቤተሰብን ዘር በ20 ልብ ወለዶች ተከታትሏል። ለእኛ ኑሮ የሚቀርብ ከፈለጉ ግብፃዊው ናጊብ ማህፉዝ፣ ሶማሊያዊው ኑረዲን ፋራህና ከዛንዚባር የተነሣው አብዱልረዛቅ ጉርናህ ከሦስቱም ብዙ የሚነበብ አለ።

ማስጠንቀቂያ፦ በሬዲዮ ትረካ የወደዱትን ደራሲ ገና እንደወደዱት አይቁጠሩ። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከውን የሰማ ሰው ተራኪ ምን ያህል ነፍስ እንደሚዘራ ያውቃል፤ ጎበዝ ተራኪ ደካማ ዓረፍተ ነገርንም ይሸፍናል። በጽሑፍ ይፈትኑ።

ደረጃ 3፦ የልብ ወለዶቹን ብዛት ያጣሩ

ለዚህ መመሪያ ዓላማ «ብዙ» ማለት ቢያንስ አምስት ረጅም ልብ ወለድ፣ ወይም አራት ረጅም ልብ ወለድና አንድ የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል ነው። ከዚያ በታች የሆነውን ደራሲ ያንብቡት፤ የዓመት ጓደኛ ይሆነኛል ብለው ግን አያቅዱ።

የባሕር ዳር ሰው እዚህ ላይ ቅር እንደሚለው አውቃለሁ፤ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ የጻፈው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ከሐይቁ ማዶ ዘጌ ተወልዶ፣ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ታትሞ፣ ይህን ፈተና አያልፍም፤ ልብ ወለዱ አንድ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁም ሦስት ረጅም ልብ ወለዶች ናቸው ያሏቸው፦ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.)፣ «ወንጀለኛው ዳኛ» (1974 ዓ.ም.) እና «የልም እዣት» (1980 ዓ.ም.)። የዳኛቸው ወርቁ የአማርኛ ልብ ወለድ «አደፍርስ» ብቻውን ነው። የሚያልፉት እነ በዓሉ ግርማ (ስድስት ልብ ወለዶች)፣ ብርሃኑ ዘሪሁን፣ አዳም ረታ፣ ይስማዕከ ወርቁ ናቸው።

ሀ) የመጽሐፉን የመጀመሪያና የመጨረሻ ገጾች ይመልከቱ። ብዙ አሳታሚዎች «በደራሲው የተጻፉ ሌሎች መጻሕፍት» የሚል ዝርዝር ያስገባሉ። በስልክዎ ፎቶ ያንሡት።

ለ) ዝርዝሩን በዓይነት ይለዩ። «ከሃያ በላይ መጻሕፍት ጽፏል» ሲባል ቁጥሩ ግጥሙን፣ ተውኔቱን፣ ትርጉሙንና የጋዜጣ ጽሑፎቹን ስብስብ ጨምሮ ይሆናል። አቤ ጉበኛ ልብ ወለድ፣ ተውኔትና ግጥም አለው፤ በማሞ ውድነህ ስም ከሚሸጡት ውስጥ ብዙዎቹ የስለላ ታሪክ ትርጉሞች ናቸው፤ የስብሐት ስም ካለባቸው መጻሕፍት መካከል የመጣጥፍ ስብስቦች ይገኛሉ። በእያንዳንዱ ርዕስ ጎን «ረ» (ረጅም ልብ ወለድ)፣ «አ» (አጭር)፣ «ት» (ትርጉም)፣ «ሌ» (ሌላ) ብለው ምልክት ያድርጉ፤ የሚቆጥሩት «ረ»ን ነው።

ሐ) የዘመን አቆጣጠሩን ያስተውሉ። አንዱ ምንጭ በኢትዮጵያ፣ ሌላው በአውሮፓ አቆጣጠር ሲጽፍ አንዱ መጽሐፍ ሁለት መስሎ ይቆጠራል። የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ካዩ አንድ መጽሐፍ መሆኑን ይጠርጥሩ። እንደገና የታተመ መጽሐፍም በአዲስ ሽፋን ይወጣል፤ ከርዕሱ ገጽ ጀርባ «ሁለተኛ እትም» የሚለውን ይፈልጉ።

መ) በኢንተርኔት ሲፈልጉ ስሙን በሁሉም ፊደሎቹ ይሞክሩ፤ «ሐዲስ»፣ «ሀዲስ»፣ «ሃዲስ» ተብሎ በተጻፈው ሁሉ ውጤቱ የተለያየ ነው። «ዓለማየሁ» እና «አለማየሁ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሐይ» እንዲሁ። በውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት ማውጫ ደግሞ ደራሲው በአባቱ ስም ተመዝግቦ ሊገኝ ስለሚችል በሁለቱም ይፈልጉ።

ካልሠራ፦ የተሟላ ዝርዝር ካጡ አዲስ አበባ ያለ ዘመድዎን ወደ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ልከው በደራሲው ስም እንዲያይልዎ ይለምኑ። አገር ውስጥ የሚታተም መጽሐፍ ቅጂ እዚያ እንዲገባ ሕጉ ስለሚያዝ፣ ከየትኛውም ሻጭ ትዝታ የተሻለ መልስ ይገኛል።

ደረጃ 4፦ ባሕር ዳር ሆነው ሊያገኙት መቻልዎን ያረጋግጡ

የሚነበበው በዝርዝር ላይ ያለው ሳይሆን እጅ የሚገባው ነው። ደረጃ 3ን ካለፉት እጩዎች ለእያንዳንዳቸው ቢያንስ ሦስት ርዕሶች የት እንደሚገኙ ሳያውቁ ምንም አይግዙ።

ሀ) ከቤተ መጻሕፍት ይጀምሩ። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጋር ግንኙነት ያለዎት ተማሪ ወይም ሠራተኛ ከሆኑ የቆዩ እትሞችን በመጀመሪያ እዚያ ይፈልጉ። ከውጭ ከሆኑ መታወቂያዎን ይዘው በር ላይ የሚጠየቀውን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ገብቶ ማንበብና አውጥቶ መዋስ የተለያዩ ፈቃዶች መሆናቸውን አይርሱ። መዋስ ባይፈቀድም ለደረጃ 6 ፈተና ቁጭ ብሎ ማንበብ ይበቃል።

ለ) ወደ ሻጮች ይሂዱ። መደብር ያላቸውንም፣ መንገድ ዳር አንጥፈው የሚሸጡትንም፣ ካፌ ለካፌ የሚዞሩትን አዟሪዎችም ይጠይቁ። አዟሪ የያዘው ጥቂት ቢሆንም ሌላው አዟሪ ምን እንደያዘ ያውቃል፤ ስልክ ቁጥርዎን ይስጡት። «ሰሞኑን ይገባል» የሚለውን መልስ ግን እንደ ቀጠሮ አይቁጠሩት፤ ሳምንትም ወርም ሊሆን ይችላል። ቀብድም አይስጡ።

ሐ) ሰኔ ላይ ተማሪዎችን ይጠይቁ። ግቢ ለቆ የሚሄድ ተመራቂ ሻንጣውን ማቅለል ስለሚፈልግ ልብ ወለዶቹን በቅናሽ ይለቃል።

መ) ከአዲስ አበባ የሚያስልኩ ከሆነ ከመክፈልዎ በፊት ሻጩ ሦስት ፎቶ እንዲልክልዎ ይጠይቁ፦ ሽፋኑን፣ ከርዕሱ ገጽ ጀርባ ያለውን የኅትመት መግለጫና የመጨረሻውን ገጽ። በቴሌብር አንድ መጽሐፍ ብቻ ከፍለው ይሞክሩት፤ በደህና ከደረሰ ሁለተኛውን ያዝዙ። መንገድ ተዘግቶ ዕቃ የሚቆይባቸው ጊዜያት ስላሉ አምስት መጽሐፍ በአንድ ጊዜ አያስጭኑ።

ሠ) መጽሐፉ እጅዎ ሲገባ ገጾቹን ሳይቆጥሩ አይክፈሉ። መጽሐፍ የሚጠረዘው ብዙ ጊዜ 16 ገጽ ወይም 32 ገጽ በያዙ እጥፋቶች ስለሆነ ስሕተት ሲፈጠር የሚጎድለው አንድ ገጽ ብቻ አይደለም፤ ከ64 ቀጥሎ 81 ይመጣል፣ ወይም ከ49 እስከ 64 ያለው ሁለት ጊዜ ይገባል። የመጽሐፉን ጠርዝ በአውራ ጣትዎ እየለቀቁ የገጽ ቁጥሩን በየ16ቱ ይዩ፤ ጊዜ አይፈጅም። ፊደሉ የደበዘዘ፣ ኅዳጉ ያዘመመ፣ የሽፋኑ ሥዕል ጭጋግ የመሰለ ከሆነ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ የተባዛ ሊሆን ይችላል፤ ይመልሱት።

ረ) ፒዲኤፍን በሚመለከት፦ በቴሌግራም የሚዞሩት የአማርኛ ልብ ወለዶች አብዛኛዎቹ ያለ ፈቃድ የተገለበጡ ናቸው። በሕይወት ያለ ደራሲ አዲስ ልብ ወለድ እንዲጽፍልዎ እየፈለጉ የድሮውን በነጻ መውሰድ እርስ በርሱ አይሄድም፤ በዚያ ላይ ገጽ የጎደላቸው ብዙ ናቸው። የመብት ዘመናቸው ያለፈ የእንግሊዝኛ ልብ ወለዶችን ግን፣ የዲከንስን ሥራዎችና የዞላን የእንግሊዝኛ ትርጉሞች ጨምሮ፣ ከፕሮጀክት ጉተንበርግ በሕጋዊ መንገድ በነጻ አውርደው ስልክዎ ላይ ያኑሩ፤ ኔትወርክ ባለበት ቀን በርከት አድርገው ያውርዱ።

ካልሠራ፦ ከደራሲው ሥራዎች አንድ ብቻ ካገኙ ስሙን አይሰርዙት። «በመጠባበቅ ላይ» ብለው ወደ ደብተሩ ጀርባ ያዛውሩትና ቀጣዩን እጩ ይያዙ። የቆዩ ልብ ወለዶች እንደገና ይታተማሉ።

ደረጃ 5፦ የመግቢያ መጽሐፍ ይምረጡ

በዚህ ደረጃ ላይ የሚሠራው ስሕተት አንድ ነው፦ የደራሲውን ዝነኛ ወይም ወፍራም መጽሐፍ ማንሣት። ዝነኛው የደራሲው የተለመደ አጻጻፍ ላይሆን ይችላል፤ ወፍራሙ ደግሞ ደራሲውን አስቀድሞ ለሚያምን ሰው የተጻፈ ነው። የሚከተለውን ይጠቀሙ።

የአዳም ረታን ንባብ ከ«የስንብት ቀለማት» አይጀምሩ፤ የአጫጭር ልብ ወለዶቹን መድበል «ማህሌት»ን ይያዙ፤ አንዱን ታሪክ በአንድ መቀመጫ ጨርሰው ሐሳብዎን መወሰን ይችላሉ። የበዓሉን ንባብ ከ«ኦሮማይ» አይጀምሩ፤ «ከአድማስ ባሻገር» (1962 ዓ.ም.) የመጀመሪያ ሥራው በመሆኑም በርዝመቱም ይሻላል። ይስማዕከ ወርቁን ግን ከ«ዴርቶጋዳ» ውጭ በሌላ መጀመር አያዋጣም፤ «ራማቶሐራ» እና «ዣንቶዣራ» የእርሱ ተከታዮች ናቸው፤ ጣናንና ገዳማቱን በሴራ ውስጥ ማየት ለእኛ አገር ሰው የራሱ ጉጉት አለው። የዓለማየሁ ዋሴም ከ«እመጓ» ይጀመራል፤ «ዝጎራ» እና «መርበብት» ከእርሱ በኋላ ናቸው።

ትርጉም ከሆነ የሽፋኑን ስም ብቻ አይመኑ። ውስጡን ገልጠው የመጀመሪያውን ደራሲና የመጀመሪያውን ርዕስ ይፈልጉ፤ ካልተጻፈ ይተዉት። አሳጥሮ የተረጎመ ተርጓሚ ብዙ ጊዜ በመግቢያው ይናገራል። በተቆረጠ መጽሐፍ ደራሲን መፈተን አይቻልም።

ደረጃ 6፦ አርባ ገጽ የፈተና ንባብ

ስልክዎን ዘግተው፣ በአንድ መቀመጫ፣ ከመጀመሪያው ገጽ 40 ገጽ ያንብቡ። ሐይቁ ዳር ወይም ቤትዎ፣ የሚመችዎት ቦታ ይሁን፤ ጀልባ ላይ ግን የተዋሱትን መጽሐፍ አይክፈቱ፤ የሞገዱ ፍንጣቂ ወረቀቱን ያሳብጠዋል። ገጽ 10፣ 25 እና 40 ላይ ቆመው የሚከተሉትን ይፈትሹ።

ገጽ 10 ላይ፦ ወደ ኋላ ተመልሰው ሁለት ጊዜ ያነበቡት ዓረፍተ ነገር ካለ ለምን እንደተመለሱ ይጻፉ። ጥሞዎት ከሆነ መልካም፤ ስላልገባዎት ከሆነ ጠርዙ ላይ ነጥብ ያድርጉ፤ እስከ 40 ድረስ ነጥቡ ከአምስት ካለፈ ደራሲው አሁን አይስማማዎትም። መጽሐፉ የተዋሱት ከሆነ ነጥቡን ደብተር ላይ ያድርጉ።

ገጽ 25 ላይ፦ ሁለት ሰዎች የሚነጋገሩበትን ቦታ ፈልገው ስማቸውን በጣትዎ ይሸፍኑ። ከንግግራቸው ብቻ ማን ማን እንደሆነ ለይተዋል? አዛውንቱም፣ የከተማው ወጣትም፣ ገበሬውም በአንድ ቃና የሚናገሩ ከሆነ ያ ድክመት በስድስተኛውም መጽሐፉ ይከተልዎታል። ሴራ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ሊሻሻል ይችላል፤ የሰውን አነጋገር የማይሰማ ጆሮ ግን እምብዛም አይለወጥም።

ገጽ 40 ላይ፦ መጽሐፉን ከድነው ያነበቡትን ለቤት ሰው ወይም ለጓደኛ ይንገሩ። ሰሚው «ከዚያስ?» ካለ ሴራው ይዟል። እርስዎ ራስዎ መናገር ከሰለቹ መልሱ ያው ነው።

ካልሠራ፦ አርባው ገጽ የደከመዎት ከፍልሰታ ጾም መጨረሻ፣ ከፈተና ሰሞን ወይም ከከባድ የሥራ ቀን በኋላ ከሆነ ፍርዱን በሳምንት ያቆዩት። በሁለተኛው ሙከራ ካልያዘዎት ይተዉት፤ ለሦስተኛ ጊዜ አይሞክሩ። ስለ ተከበረ ደራሲ «አልወደድኩትም» ብሎ ደብተር ላይ መጻፍ ነውር የለውም፤ ደብተሩ የእርስዎ ነው።

ደረጃ 7፦ ከሁለተኛው መጽሐፍ በፊት «ተወዳጄ» አይበሉ

የመጀመሪያውን መጽሐፍ ጨርሰው ከወደዱት ሁለተኛውን በተቻለ መጠን ከሌላ ዘመን ወይም ከሌላ ጉዳይ ይምረጡ። ፍቅረማርቆስን በ«ከቡስካ በስተጀርባ» ከወደዱት የወደዱት ሐመርን ነው ወይስ ደራሲውን የሚለው የሚለየው ከሐመር ውጭ የጻፈውን ሲያነቡ ነው። ብርሃኑ ዘሪሁንን በቴዎድሮስ ዘመን ከወደዱት ሁለተኛው የአብዮቱ ዘመን ይሁን። ተከታታይ መጻሕፍት ከሆኑ ግን ይህን ማድረግ ስለማይቻል ሁለተኛውን ክፍል እስከ 40ኛው ገጽ በደረጃ 6 መለኪያ ብቻ ይፈትኑ።

ሁለቱንም ከወደዱ ስሙን በደብተሩ የፊት ገጽ ያስፍሩ። አንዱን ብቻ ከወደዱ «የአንድ መጽሐፍ ወዳጅ» ብለው ይመዝግቡና ወደ ደረጃ 2 ይመለሱ።

ደረጃ 8፦ የቀሩትን በቅደም ተከተል ይዘርጉ

ሀ) ተያያዥ የሆኑትን በቅደም ተከተላቸው ያንብቡ። የብርሃኑ ዘሪሁን «ማዕበል» ሦስት ክፍል ነው፦ «የአብዮት ዋዜማ»፣ «የአብዮት መባቻ»፣ «የአብዮት ማግስት»። ሻጭ ጋ ሦስተኛውን ብቻ ቢያገኙ ይግዙትና ያስቀምጡት እንጂ አይጀምሩት፤ ሦስቱን በአንድ ቀን ማግኘት ብርቅ ነው።

ለ) ያልተያያዙትን በታተሙበት ዓመት ያስኬዱ፤ ደራሲው ሲለወጥ አብረው ይሄዳሉ።

ሐ) አንዱ የሌላው ዳግም ሥራ የሆኑትን አያከታትሉ። የበዓሉ «የሕሊና ደወል» (1966 ዓ.ም.) እና «ሐዲስ» (1975 ዓ.ም.) ሁለቱም የመምህር ሐዲስ ሣህሌ ታሪክ ናቸው፤ ኋለኛው የፊተኛውን እንደገና ያስፋፋ ነው። በመካከላቸው ሌላ ካላስገቡ «ይህን አንብቤዋለሁ» ብለው ያቋርጣሉ። ሁለቱን አነጻጽሮ ማንበብ ለሚወድ ሰው ግን ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም።

መ) ከአንድ ደራሲ ሦስት መጽሐፍ በተከታታይ ካነበቡ በኋላ የሌላ ሰው አንድ ያስገቡ። ተወዳጅ ደራሲ የሚሰለቸው አብዛኛውን ጊዜ በአንባቢው ችኮላ ነው።

ሠ) ክረምት ላይ መጻሕፍቱን ከወለልና ከግድግዳ አርቀው ያስቀምጡ። የሐይቁ እርጥበት ከዝናቡ ጋር ሲደመር ሻጋታ ያመጣል። የረጠበውን ገጾቹን ከፍተው በጥላ ያድርቁት፤ ፀሐይ ላይ ቢያሰጡት የጥራዙ ሙጫ ይሰነጠቅና ቅጠሎቹ ይፈታሉ።

ረ) ሲያውሱ የተዋሹን ስምና ቀን በደብተሩ ይጻፉ። በተለይ ከገበያ የጠፋ እትም ከሆነ ቤትዎ መጥቶ እንዲያነበው ይጋብዙት እንጂ አያውሱት። ሰው ቅር ቢለው ቡናው ይክሰዋል።

ሰ) በዝርዝሩ ላይ ያልተነበቡ ሁለት መጻሕፍት ብቻ ሲቀሩ ደረጃ 2ን እንደገና ይክፈቱ። በመጠባበቅ ላይ ከነበሩት ስሞች ይጀምሩ፤ ሻጮቹን ደውለው ይጠይቁ፤ እስከዚያ የገባ አዲስ እትም ካለ በ16 በ16 ቆጥረው ይግዙት።